በማመልከቻ የሞቱት አያት

«ጉርዱን ከጉልበቷ ዝቅ አድርግልኝ ልጄ። በቁመት እኮ እየተወነጨፈች ነው። ያን በቀደም የሰፋህላትን ሱሪ አየኸው? ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቶ ለታናሽ ወንድሟ ወረደ። እሱም እንዳያድግ ፈርቼ ነው የምመግበው... ደግሞ ሱቅህ እንዴት አምሮበታል! መስኮቱን አስፋኸው እንዴ? በፊት እኮ ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው ለመለየት በር ላይ መውጣት ነበረብህ።»

ልብስ ሰፊው አልመለሰም። ስምንት እስፒል በከንፈሩ የያዘ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? በርጩማው ላይ በቆመችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እግር ሥር ተንበርክኮ የጉርዱን ጠርዝ እያጠፈ «እህም» አለና ሥራውን ቀጠለ። አያትየዋም ለዛሬ የፈለጉት እንዲህ ያለውን አድማጭ ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ ምራታቸው፣ የልጅቷ እናት፣ ሰማያዊ ፎልደር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ዓይኗ ስልኩ ላይ ይሁን እንጂ ጆሮዋ የት እንዳለ አያትየዋ አሳምረው ያውቃሉ።

አያትየዋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ። መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ ያልታረመ ነገር በእጃቸው አልፎ አያውቅም። አሁንም መንገድ ላይ ፊደሉ የተሳሳተ ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር እጃቸው ቀዩን ስክሪፕቶ ፍለጋ ቦርሳቸው ውስጥ ይገባል። ሰው ሲያርሙ ግን ቀይ አይነኩም፤ ያመሰግኑታል። ቤተሰቡ ውስጥ የእሳቸውን ምስጋና የማይፈራ የለም።

«ጉርዱ ለምን እንደሆነ ነግሬሃለሁ? ለቃለ መጠይቅ ነው። ዘመኑ እንዴት ነው በል! እኛ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ካርድና ሁለት ፎቶ ይዘን ሄድን፣ አለቀ። አሁን ስሙ የተጠራ የግል ትምህርት ቤት አርባ ልጅ ለመውሰድ ስድስት መቶ ያሰልፋል። ፎርም ሙሉ ይላሉ፣ የሦስት ዓመት ውጤት አያይዙ ይላሉ፣ የአስተማሪ ምስክርነት አምጡ ይላሉ። በዚህ ላይ ልጁ ራሱ ‹ሕይወቴን የለወጠው ሰው› ብሎ ደብዳቤ ይጻፍ! ራሱ እኮ ነው የሚሉት። በአሥራ አራት ዓመቱ የትኛው ሕይወት ተለውጦ? እግዜር ይስጣቸውና፣ ይሄን ሸክም ከልጆቻቸው ትከሻ ላይ የሚያወርዱ እናቶች አሉ...

«አንዲት አውቃለሁ። ማን ናት ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ደግሞ ሩቅ ናት... ያን ያህልም ሩቅ አይደለችም። ምን ዓይነት እናት መሰለችህ! ለልጇ ትምህርት ቤት ልትመርጥ አሥራ አንድ ግቢ በእግሯ ዞረች። የቤተ ሙከራውን ጠረጴዛ ቆጠረች፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ አየች፣ ዘበኛውን ‹በቀን ስንት ልጅ ያረፍዳል?› ብላ አፋጠጠችው። መዝገብ ቤቱን ጠየቀች፣ የካፌውን አሳላፊ ጠየቀች። የዘለለችው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ልጅቷን። ምን ታድርግ፣ ጊዜ አጠራት እንጂ ረስታት እንኳ አይደለም...»

በርጩማው ላይ ያለችው ልጅ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች፤ ጉርዱ ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊው ቀጥ እንድትል በሜትሩ ጫፍ ጉልበቷን መታ አደረጋት።

«በልጇ ስም የጻፈችውን ደብዳቤ ደግሞ ብታየው! እኔ መቼም ስንት ደራሲ በእጄ አልፏል። እንዲህ ያለ ብዕር ግን አላየሁም። ነጠላ ሰረዙ በቦታው፣ አራት ነጥቡ በቦታው። አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። ‹ሕይወቴን የለወጠችው አያቴ ናት› ብሎ ይጀምራል። ስለ አማቷ መሆኑ እኮ ነው! ጠዋት ‹ደህና አደሩ› ለማለት አፏን መክፈት የሚከብዳት ሴት፣ በጽሑፍ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ አዘነበችላቸው። እጃቸው ለስላሳ፣ ንግግራቸው ማር፣ ተቆጥተው አያውቁም... አማትየዋ ራሳቸው ኋላ ሲያነቡት ‹እቺ ሴትዮ ማን ናት? ብንተዋወቅ ደስ ይለኝ ነበር› አሉ። ብቻ ምን ዋጋ አለው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ... ሞቱ።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። አንድ እስፒል ከአፉ ወደቀች።

«ሞቱ እኮ! ባለፈው ክረምት። አሟሟታቸውስ? እንዲህ ያለውን ለወዳጅ ነው የሚመኙት። የልጅ ልጃቸውን እጅ ጨብጠው፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ‹ልጄ፣ ተማሪ› ብለው እፎይ። ሆስፒታል የለ፣ መጦር የለ፣ ማንንም አላስቸገሩ። ጉንፋን ሲይዛቸው ጎረቤት ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣባቸው ሴትዮ እኮ ናቸው! እሷ ግን ተጨንቃ፣ አውጥታ አውርዳ፣ ጥሩውን መርጣ ሰጠቻቸው። ሌላ ምራት ብትሆን በመኪና ትገላገላቸው ነበር።»

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ምራትየዋ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት ደብዳቤውን ራሷ ጻፈች፣ በልጅቷ ስም ራሷ ላከች፣ ለልጅቷ እንኳ አላሳየቻትም። ከስድስት መቶ ልጅ የሚመጣ ደብዳቤ ማን ያነበዋል ብላ ነበር። የቃለ መጠይቁ ዕለት ታዲያ መሥሪያ ቤቷ ለአስቸኳይ ስብሰባ ጠራት። ልጅቷን ማን ይውሰዳት ሲባል፣ ሟቿ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተነሡ። ምራትየዋም በጥድፊያ «እባክዎ እርስዎ ይሂዱልኝ» ብላ ሸኘቻቸው።

«ያቺ አማት ልጅቷን ይዘው ሄዱልህ። ያውም አዲሱን ጫማቸውን አድርገው። እንደ ደረሱ ልጅቷን ወደ ውስጥ ጠሯት፤ እሳቸው ጃኬቷን ታቅፈው ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ውስጥ ዳይሬክተሯና ሁለት መምህራን አሉ። ዳይሬክተሯ ገና ከመጀመሪያው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ‹በአያትሽ እግዜር ያጽናሽ። እንዴት ቻልሽው?› አለቻት። ልጅቷ ምን ታውቃለች? ደብዳቤው ውስጥ ቀብር እንዳለ የነገራት የለ! የመሰላት ምን መሰለህ... እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ አሁን፣ እሷ ስሟን እየተናገረች ሳለ የሞቱ ነው የመሰላት። ወንበሯን ገልብጣ ‹አያቴ!› እያለች ሮጠች። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ‹ምን አደረጉብኝ ልጄን› ብለው ሊጣሉ ተነሥተዋል። ቀና ቢሉ ሦስቱም በሩ ላይ ቆመው እንደ መንፈስ ያዩዋቸዋል። ሴትዮዋ ደግሞ ሰላምታ ያውቃሉ፤ ‹ደህና ዋላችሁ› አሉ። አንዱ መምህር ግድግዳ ያዘ አሉ...»

ልጅቷ ያን ዕለት እንዴት እንደተንቀጠቀጠች የአያትየዋ አንገት አልረሳውም። በራሳቸው መሞት እምብዛም አልከፋቸውም፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ሰው ቢቸኩልባቸውም አይፈርዱም። የከፋቸው የልጅቷ ነበር። ትምህርት ቤቱ በማግስቱ «ላለመቀበል ወስነናል» ሲል የተጻፈው ስም የእሷ ስም ነው። ውሸታም ተብላ የተመለሰችው እሷ ናት፣ አንድ ቃል ሳትዋሽ።

አሁን ደግሞ ሰማያዊው ፎልደር ውስጥ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዳለ ያውቃሉ። የሁለተኛው ትምህርት ቤት ማመልከቻ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ልጅቷ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከደብተሯ የተቀደደ ወረቀት ሰጥታቸዋለች፤ የራሷ ደብዳቤ ነው። «ለእናቴ ስጫት፤ እኔ ብሰጣት ‹በዚህ እንዳታሾፊ› ትለኛለች» ብላቸዋለች። ወረቀቱ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። የትኛው እንደሚገባ የሚወሰነው ደግሞ ጉርዱ ተለክቶ ከማለቁ በፊት ነው፤ ምራትየዋ ከዚህ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ልትሄድ አስባለች።

«ተስፋ የምትቆርጥ ሴት እንዳትመስልህ ታዲያ! ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፋለች አሉ። በዚህኛው ማን እንደሞተ አልሰማሁም... አንተስ ጤናህ እንዴት ነው ልጄ? ደረትህን ምናምን አይልህም? እንዲያው ‹ደጉ ልብስ ሰፊያችን› ብሎ የሚጀምር ወረቀት ካየህ ቶሎ ላክብኝ፣ ቀብርህ ላይ እንዳላረፍድ።»

ልብስ ሰፊው ሳቁ አፈነውና እስፒሎቹን በመዳፉ ተፋ። ወዲያው ግን አግዳሚውን በዓይኑ ሰርቆ አየና መልሶ ከንፈሩ ላይ ሰካቸው። ሁለቱም ደንበኞቹ ናቸው፣ የሚያተርፈው ዝም ሲል ነው።

«ልጅቷ ደግሞ ጥጋቧ! የራሷን ጻፈች አሉ። ስሕተት ሞልቶታል። እኔ አላረምኩትም... ማለቴ አማትየዋ አላረሙትም። ቀይ ስክሪፕቶውን አንሥተው፣ አይተው አይተው፣ መልሰው ከተቱት። በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነው፤ ከሞቱ በኋላ ጠባያቸው ተለውጧል። እንዴት ብሎ እንደሚጀምር ልንገርህ? ‹አያቴ በሕይወት አለች። በጣም ታናድደኛለች። የምልክላትን መልእክት ሁሉ አርማ ትመልስልኛለች።› ይሄ ይጻፋል? ደግሞ ቀጥላ ‹እናቴ ስትፈራ ትቆጣለች። እኔ አንድ ቦታ ሳልገባ ብቀር የእሷ ጥፋት የሚሆን ይመስላታል። ልጅ ሆና ልትማርበት የፈለገችውን ትምህርት ቤት በአጥር በኩል ነው ያየችው። ሕይወቴን የለወጠው ሰው እስካሁን አልመጣም፤ ምናልባት እናንተ ጋ ይኖር ይሆናል። ከሌለ ግን እናቴን አትቆጧት።› ... እንዲህ ዓይነት ነገር ማን ይቀበላል? ለቅሶ የለው፣ ቀብር የለው! ምስኪን፣ እናቷን ብትወርስ ኖሮ ቢያንስ አንድ አጎት ትገድል ነበር።»

ይህን እያሉ መነጽራቸውን የሚፈልጉ መስለው ቦርሳቸውን አግዳሚው ላይ ዘረገፉ። ማበጠሪያ ወጣ፣ የቤት ቁልፍ ወጣ፣ ቀዩ ስክሪፕቶ ወጣ፣ በመጨረሻ አራት ቦታ የታጠፈው የደብተር ወረቀት ወጣና ከሰማያዊው ፎልደር አጠገብ አረፈ። መነጽሩ ከመጀመሪያውም አናታቸው ላይ ነበር። ቁልፋቸውንና ማበጠሪያቸውን መልሰው ሰበሰቡ፣ ወረቀቱን ረሱት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው በትልቁ መስታወት ፊት ቆሙ። መስታወቱ አግዳሚውን ከነምራታቸው ወለል አድርጎ ያሳያል።

ምራትየዋ ስልኳን አስቀመጠች። ወረቀቱን አንሥታ አነበበችው። አጥር የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ፤ ያን ታሪክ ለልጅቷ የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በንዴት። እንደገና ከላይ ጀመረች። በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች። ከዚያ ፎልደሩን ከፍታ በኮምፒውተር የተጻፉትን ሁለት ገጾች አወጣች፣ ለሁለት ቀደደቻቸውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የደብተሩን ወረቀት በመዳፏ አለስልሳ በቦታቸው አስገባችው። በርጩማው ላይ ያለችው ልጅም በመስታወቱ አይታ ነበር፤ እስፒሉም ጉርዱም ተረስቶ አያቷን ከጀርባ እቅፍ አደረገቻቸው።

የአያትየዋ ልብ በደስታ ተሞላ። የመጡበት ጉዳይ ተፈጸመ። እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር፤ ዝም ለማለትም ከልባቸው ሞከሩ። አንድ ደቂቃ ያህል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞቶ የከረመ ሰው ብዙ የሚናገረው ይጠራቀምበታል።

«ጨረስክ ልጄ? እጅህ ይባረክ። አፈር ስሆን ጠርዙን ሁለቴ ስፋልኝ... ውይ፣ ለካ ሆኛለሁ! ... በል ልሂድ። ያቺን እናት ግን ሳልመርቃት ከዚህ አልወጣም፣ ኋላ ያቺ ባልቴት ቂም ያዘች እንዳትሉኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት። ሴቷን ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ወንዱም ይደግላትና... ቁርጥ እሷን የመሰለች ሚስት ያምጣላት። እንደሷ ብዕሯ የሰላ፣ እንደሷ ሆዷ የሚራራ። እሷም እንደኔ ሸብታ፣ የልጅ ልጇን ጃኬት ታቅፋ ኮሪደር ላይ ስትቀመጥ፣ ምራቷ ስለሷ የጻፈችላትን ያማረ ነገር በቁሟ፣ ያለ መነጽር፣ እስከ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ድረስ የምታነብ ያድርጋት። ... ምነው ዝም አላችሁ? አሜን በሉ እንጂ!»