በሃምሳኛው ቀን የሚሞላ ቆጣሪ

የፓምፕ ሥራ መዝገብ ልወስድ ወደ ውኃ ማከፋፈያው መቆጣጠሪያ ክፍል ስወርድ ደረጃው ላይ ላፕቶፕ የታቀፈች ወጣት አገኘሁ። የፕሮግራም ባለሙያ ናት። ሲስተሙን እንድትፈትሽ ከዋናው ቢሮ ተልካ ኖሮ ክፍሉ ጠፍቷት ትዞራለች። አብረን ገባን።

ውስጥ ያሉት ሽማግሌው መሐንዲስ ብቻ ናቸው። ሠራተኛው “ጋሼ አርባ” ይላቸዋል፤ በየአርባ ቀኑ ቫልቮቹን በእጃቸው ዘግተው ፓምፑን የሚያዘውን ማሽን አጥፍተው ያስነሣሉና። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር እምብዛም አይነጋገሩም፤ ፓምፑን “ተው እንግዲህ” እያሉ ሲያባብሉት ግን ሰምቻለሁ። የጡረታ ጊዜያቸው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኗል።

ወጣቷ ኮዱን ብዙ ቆይታ አነበበችው።

“ጋሼ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ ልጄ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ምን አጠፋሁ?”

“የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለፈውን ሚሊ ሰከንድ ይቆጥራል። የሰጡት ቦታ ግን ሠላሳ ሁለት ቢት ብቻ ነው። ሃምሳ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ቦታው ይሞላና ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል። ያን ጊዜ ማሽኑ ፓምፑን ለማቆም ገና ሃምሳ ቀን የቀረው ይመስለዋል።”

“አውቃለሁ” አሉ ረጋ ብለው። “በመጀመሪያው ዓመት ደርሶብኛል። ፓምፑ አልቆም ብሎ ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ አርባ ቀን ባለፈ ቁጥር አስነሣዋለሁ። አንዲት ጠብታ ያለ አግባብ አልፈሰሰችም። ታዲያ ምኑ ይስተካከላል?”

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ ለእሳቸው አደላሁ። የሚሠራን ነገር መነካካት አልወድም።

“ቢታመሙስ?” አለች።

“ታምሜም መጥቻለሁ።”

“እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ጋሼ። የማሽኑን ጉድለት በራስዎ ዕድሜ እየሞሉለት ነው። ሰው የማሽን መለዋወጫ ሊሆን አይገባም።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ሴት ልጄ ሩቅ ከተማ ናት። ‘አባዬ፣ ና ከእኛ ጋር ኑር’ ካለችኝ ቆየች። የልጅ ልጄን በስልክ ነው የማውቃት። ማሽኑን ለማን ጥዬ እላለሁ። ግን ደግሞ... ይሄ ነገር ከተስተካከለ ጠዋት ተነሥቼ የት እሄዳለሁ?”

አንድ ሕንፃ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ስንሠራ ይህን አልሰማሁም ነበር። አፈርኩ።

“የት እንደሚሄዱማ ልጅዎ ነግራዎታለች” አለች ወጣቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ “መስተካከሉንስ በምን አውቃለሁ? ሃምሳ ቀን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?” አሉ።

“አምስት ደቂቃ ይበቃናል። መጠባበቂያው ማሽን ላይ ቆጣሪውን ሊሞላ አምስት ደቂቃ ከሚቀረው ቁጥር እናስጀምረዋለን። ስህተት ካለ ዓይናችን እያየ ይወጣል።”

መጀመሪያ የእሳቸውን ኮድ እንዳለ ሞከሩት። በስድስተኛው ደቂቃ መጥፋት የነበረበት የፓምፑ መብራት እንደበራ ቀረ። ከዚያ ወጣቷ ቆጣሪውን ወደ ስልሳ አራት ቢት አሰፋችው፤ ማሽኑ ዝጎ እስኪያልቅ ድረስ እንኳ አይሞላም። ሽማግሌው ከትከሻዋ በላይ ሆነው እያነበቡ ድንገት ጣታቸውን ዘረጉ።

“እዚህ ጋ ግን ሰፊውን ቁጥር መልሰሽ ጠባቡ ውስጥ ከተትሽው። ይቆረጣል።”

“አላየሁትም ነበር” አለች። “እርስዎ ባይኖሩ ያልፈኝ ነበር።”

እንደገና ሞከሩ። መብራቱ በሰዓቱ ጠፋ። ሽማግሌው የጠፋውን አምፑል ብዙ አዩት።

“አምስት ደቂቃ” አሉ። “እሺ ልጄ፤ ዋናውም ላይ ጫኚው።”

በማግሥቱ የጡረታ ማመልከቻቸውን አስገቡ፤ በወሩም ሄዱ። ስህተትን በትጋት መሸፈን ስህተትን ማስወገድ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው። ቆጣሪው ሲሰፋ ከተማው ውኃውን ከአንድ ሰው ጤና ጋር ማሰር ተወ፤ ሰውየውም ቀናቸውን መልሰው አገኙ።

አዲሱ ኮድ በተጫነ በሃምሳኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደወሉልኝ።

“አለፈ?”

“አለፈ፣ ጋሼ። ማንም ልብ አላለውም።”



“ጥሩ ነው” አሉ። “በል ልዝጋው። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው፤ የምቀበላት እኔ ነኝ።”