ድንጋይ የተጫነባት መተንፈሻ

አባ ጠርጥር ከእህታቸው ልጅ ጋር የተገናኙት እንዲያው በአጋጣሚ፣ ከብረት ሠሪዎቹ መንገድ መታጠፊያ ላይ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ያለ ነገርም አላወጣላቸውም። ዳቦ ሲገዙ ገልብጠው ያያሉ። ሰው "እንደምን አደሩ?" ሲላቸው፣ "ደህና" ከማለታቸው በፊት "ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?" ይላሉ በሆዳቸው። ሥራቸው ጨርቅ ቀለም መንከር ነው፤ ጣቶቻቸው ሰማያዊ ሆነው ቀርተዋል።

የእህታቸው ልጅ የቴክኒክ ትምህርት የጨረሰ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ወጣት ነው። አንድ ወፍራም የብረት በርሜል ከነቧንቧው በጋሪ ጭኖ ሲገፋ አዩትና መንገዱን ዘጉበት።

"ደህና ዋልክ? ምንድን ነው ይሄ የምትገፋው?"

"ደህና ዋሉ፣ ጋሼ። እግዜር ነው ያገናኘን፤ ወደ እርስዎ ነበር የምመጣው። የእንፋሎት ሞተር ነው። የውሃ ጉድጓዱን መዘውር ያዞርልዎታል።"

"መዘውሩ አዟሪ አጣ ያለህ ማነው?"

"የእትዬ ክንድ..."

"ክንዷ ደህና ነው!"

ደህና አልነበረም፤ አባ ጠርጥርም ያውቃሉ። የተነከረ ጨርቅ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ያን ሁሉ ውሃ ከጉድጓድ የሚያወጡት ባለቤታቸው ናቸው፣ ከተጋቡ ጀምሮ። አሁን ቀኝ ትከሻቸው አብጦ ማበጠሪያ እንኳ ወደ ራሳቸው ማንሳት አቅቷቸዋል። ሲተኙም ክንዳቸው መዘውሩን የያዘ ይመስል አልጋው ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። አባ ጠርጥር ይህን በየሌሊቱ ያያሉ። ሰው ግን አይቀጥሩም። ባዕድ ገብቶ የቀለሙን አበጣበጥ ቢሰርቅስ!

ወጣቱ ጋሪውን እየገፋ እስከ ነካሪ ቤቱ ተከተላቸው። ሽማግሌው በርሜሉን ዞረው አዩት፣ አንኳኩት፣ አሸተቱት።

"ምን ይበላል?"

"እንጨትና ውሃ።"

"እንጨትና ውሃ በልቶ የሰው ሥራ ይሠራል? ተው እንጂ! አጭበርባሪ ሁሉ ሲጀምር እንዲህ ቀላል አድርጎ ነው የሚያወራው።"

"ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የቀለሙ ድስት ክዳን ላይ ያን የሚያህል ድንጋይ ለምን ይጭናሉ?"

"እንፋሎቱ እንዳይወጣ ነዋ! ዙሪያውን በዱቄትና በአመድ ሊጥ እንለቀልቃለን፣ ከላይ ድንጋይ እንጭናለን። እንፋሎት ከወጣ የቀለሙ ኃይል አብሮት ይወጣል። ይቺን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም።"

"ድንጋዩን መጫን ተረስቶ እሳቱ ቢበዛስ?"

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። "ተለማማጅ ሳለሁ አንዱ ጓደኛችን ረስቶ፣ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣራ መታ። አለቃችን እንዴት አድርጎ እንደ ገረፈው!"

"ታዲያ ያን ከባድ ክዳን ጣራ ያስመታው ምንድን ነው፣ ጋሼ? ውሃ ነው። ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ይሰፋል፤ አንድ ስኒ ውሃ ከሺህ ስኒ የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ያገኘውን ይገፋል። እኛ የሚገፋውን ነገር እንሰጠዋለን። ይኸው፣ ይሄ ብረት በዚህ ቱቦ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ዘንጉ ደግሞ መዘውሩን ያዞራል። ክዳን ሲያስፈነጥር የነበረው ጉልበት ሥራ ያዘ ማለት ነው።"

ነገሩ ገባቸው፤ የገባቸው መሆኑ ደግሞ አናደዳቸው። ተጠራጣሪ ሰው እንዲህ ነው፤ እውነቱ ቢነገረውም የነገረውን ሰው ሆድ ካላየ አያርፍም። "ይሄ ልጅ ምን ሊያገኝ ነው? እኛ ልጅ የለንም። ነካሪ ቤቴን አይቶ ነው!" ብለው አሰቡ። ስለዚህ ወጣቱ ከበርሜሉ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን እያሳየ "ይቺ መተንፈሻው ናት፣ አደራዎን..." እያለ ሲያስረዳ፣ እሳቸው ፊቱን ያጠኑ ነበር። አንዲትም ቃል ጆሯቸው አልገባችም።

"እስቲ ለሙከራ ይቀመጥ" ያሉት ባለቤታቸው ናቸው። "ካልሠራ መልሶ ይወስደዋል። ምን ቸገረን?"

ሠራ። ውሃው ይንዶለዶል ጀመር። የባለቤታቸው ሥራ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በግራ እጅ እንጨት ማቀበል ብቻ ሆነ። አባ ጠርጥር ግን ጉድለት ፍለጋ ሞተሩን ሲዞሩት ዋሉ፤ አገኙም። ያቺ ትንሽ ክዳን አልፎ አልፎ ብድግ እያለች "ፍስስ" ብላ እንፋሎት ትለቃለች።

"አሃ! ያዝኩህ!" አሉ። "ሆን ብሎ ቀዳዳ ትቶበታል! እንጨቴን ሲጨርስብኝ ቆይቶ፣ 'ልጠግን' ብሎ እየመጣ ቤቴን ሊለምድ ነው።" ዕድሜ ልካቸውን እንፋሎት የሚያፈስ ድስት አይተው ዝም ብለው አልፈው አያውቁም። በማግስቱ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሊጡን አቡክተው ክዳኗን ዙሪያዋን ለቀለቋት፤ የቀለሙን ድስት ድንጋይም አምጥተው ከላይዋ ጫኑባት። ደረቅ ብሎ እስኪይዝ ጠበቁና እሳቱን ለኮሱ።

መዘውሩ ከትናንቱ ይልቅ ፈጠነ። አባ ጠርጥር ደስታቸውን አልቻሉትም።

"አየሽ? የተማረው የደበቀንን አየሽ?"

"ይሄ ድንጋይ ከየት መጣ?"

"ዝም ብለሽ እንጨት አቀብይ!"

ብዙ አልቆየም፣ በርሜሉ ከሆዱ ያቃስት ጀመር። ከቧንቧው መጋጠሚያ ውሃ ተንጠባጠበ። ወጣቱ ሞተሩ እንዴት እንደ ዋለ ሊጠይቅ ብቅ ያለው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ ይነሱ! ጋሼ፣ ይዘዋቸው ይውጡ!" ያ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ልጅ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

አባ ጠርጥር "ደግሞ ምን አስቸኮለህ?" ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ልጁ አልጠበቃቸውም፤ አክስቱን ከበርጩማው አንስቶ ሁለቱንም ወደ ደጅ ገፋቸውና ተመለሰ። በረጅም መንጠቆ እሳቱን ከበርሜሉ ሥር እየጎተተ ሳለ "ድው!" አለ። ድንጋዩ ተወርውሮ የጣራውን ቆርቆሮ አጎበጠ፣ ተመልሶም ወረደ። ያረፈው በርጩማው ላይ ነው። በርጩማው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ቤቱ በእንፋሎት ነጭ ሆነ። ወጣቱ እያሳለ ወጣ። እንፋሎቱ እጁን ለብልቦታል።

አባ ጠርጥር ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ አፋቸው ላይ የመጣላቸው ግን ያው የለመዱት ነው።

"ውሰድልኝ! ይሄን ሰይጣን ውሰድልኝ! ሚስቴን ሊገድላት ነበር!"

"ሰይጣን ሊጥ አያቦካም" አሉ ባለቤታቸው። "ድንጋዩን ማን ጫነው?"

ሽማግሌው የተሰነጠቀውን በርጩማ በበሩ አሻግረው አዩ።

"እኔ ነኝ። ቀዳዳ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። ምነው ሳትነግረኝ?"

"ነግሬዎት ነበር፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ፊቴን ያዩ ነበር።"

"አዎ፣ ፊትህን ሳይ ነበር! ነካሪ ቤቴን ልትወስድብኝ ነው ብዬ!"

"ኧረ ጋሼ! እኔ ነካሪ ቤት ምን ያደርግልኛል? የላከችኝ እናቴ ናት። 'ወንድሜ ሚስቱን በቁሟ ጨረሳት፤ ሂድና አንድ ነገር አድርግ' ብላኝ ነው የመጣሁት።"

አባ ጠርጥር አንገታቸውን ደፉ። ይህን ከገዛ እህታቸው መስማት በጣም አመማቸው።

"እንግዲህ ሁለታችሁም ስሙ" አሉ ባለቤታቸው። "ሞተሩ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። ወደዚያ መዘውር እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ።"

ሽማግሌው "እስቲ ስለዚያች መተንፈሻ እንደገና ንገረኝ" አሉ። "አሁን እሰማለሁ።"

"እንፋሎቱ ለሥራው ከሚበቃው በላይ ሲጠራቀም ክዳኗ ትነሳለች፤ ትርፉን ትለቅና መልሳ ትዘጋለች። ከዚያ የሚወጣው እንፋሎት ባከነ አይባልም፣ ጋሼ፤ እናንተን የሚጠብቅ ነው።"

"እሳቱ በዝቶ ሳለ እሷ ፍስስ ሳትል ብትቀርስ?"

"ያን ጊዜ ይጠርጥሩ።"

"እንደዚያ ከሆነማ ሰው አግኝታችኋል!" አሉ ሽማግሌው። ባለቤታቸው ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም።

ሞተሩ ተፈትሾና ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን ውሃ ስለማይጎድል ጨርቁ እስኪጠራ ይታጠባል፣ ቀለሙም በደንበኛ ገላ ላይ አይለቅም። ሥራውን ጨርሶ የሚወጣው እንፋሎት በቧንቧ አልፎ የማጠቢያውን ውሃ ስለሚያሞቅ፣ ለዚያ ይነድ የነበረው እንጨት ተርፏል። ሌሎች ነካሪዎች ሊያዩ ሲመጡ አባ ጠርጥር በር ላይ ያስቆሟቸዋል፤ ሊጥና ድንጋይ አለመያዛቸውን አይተው ያስገባሉ። እሳት ከመለኮሱ በፊት የመተንፈሻዋን ክዳን በሰማያዊ ጣታቸው ያነሳሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግመው ያነሳሉ። መጠርጠራቸውን አልተዉም፤ ደግሞም ለምን ይተዋሉ? የሰው ፊት ማጥናታቸውን ትተው ሥራውን ሲመረምሩበት ጊዜ፣ ያ ቤት ሲያስቸግር የኖረው ጠባይ ለቤቱ ዘብ ሆነ።

ከምሳ በኋላ ባለቤታቸው አዲሱ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋቸዋል። አባ ጠርጥር አጠገባቸው ቆመው የሚስታቸውን ክንድ ያያሉ። ይዞር እንደሆን ብለው ይጠብቃሉ፤ አላመኑማ! ክንዱ ግን ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል።