ብሮውዘር ጓዳ አይገባም

የኳየራችንን ኮምፒውተር ሳዘጋጅ፣ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ብሮውዘር ከዳውንሎድ ፎልደር ሌላ ምንም እንዳይነካ ቆለፍኩት። መሪያችን ጋሽ ላምቤቦ መዝሙር በኢንተርኔት ሊልኩ ሲሉ ብሮውዘሩ እምቢ አላቸውና ተቆጡ። «በገዛ መዝሙራችን? መሪው እኮ እኔ ነኝ!»

«ጋሼ፣ ብሮውዘር እንግዳ ነው፤ ሳሎን እንጂ ጓዳ አይገባም። እርስዎም ቢያዙት አይገባም። የሚላከውን ዳውንሎድ ውስጥ ያስቀምጡለት» አልኳቸው። አኮረፉኝ።

አንድ ቀን አስጠሩኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የማያውቁት ሊንክ ነክተው ቫይረስ በብሮውዘሩ ገብቷል። ሳየው፣ የመዝሙሮቻችንን ፎልደር ሊከፍት ደጋግሞ ሞክሯል፤ ሁሌም ተከልክሏል። በሀዲይኛ የቀረጽናቸው መዝሙሮች አንድም አልተነኩም! እልልታዬን አቀለጥኩት።

በማግስቱ አንድ ዘማሪ ቁልፉን እንድፈታለት ለመነኝ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ ላምቤቦ ከኋላ ጮኹበት፦ «ለእኔ ያልተፈታ ለአንተ ሊፈታ?»