በቀርከሃው ሥዕል ላይ የተቀባ ቅጠል

የተጠርጣሪ ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ስሜነሽ አለኸኝ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ እንጅባራ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ክንዴ ተገኘ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ፣ አቶ ደጉ ስማቸው «በሆቴሌ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አበላሽታብኛለች፣ ምንጣፌ ላይ ቀለም ደፍታለች፣ ሰድባኛለች» ብለው ባቀረቡብኝ አቤቱታ ወደ ጣቢያ መጥቼ፣ ቃል የመስጠትም ያለመስጠትም መብት እንዳለኝ ተነግሮኝ፣ መናገሩን መርጬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው በመጀመሪያ «በተፈጠረው ነገር ቅር ተሰኝቼ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አሰርዣቸዋለሁ። ቅር አልተሰኘሁም። ተናድጃለሁ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፣ እንደዚያው ይጻፍ።

ሥዕሉን አበላሽታለች የተባለውን አልቀበልም። ሥዕሉን ያበላሹት አቶ ደጉ ናቸው፤ እኔ ያበላሹትን ነው የጠረግሁት። ምንጣፉ ላይ ቀለም መደፋቱ እውነት ነው። ስድቡም እውነት ነው። አሁንም ቢሆን «አቶ» እያሉ የሚጽፉት መርማሪው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሥዕሉን የሠራው ባለቤቴ ይኸነው ሸጋ ነው። ዳንግላ ከተማ ለብዙ ዓመታት ሥዕል ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሸራውን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ሁለት ስፋት አቡጀዲ ገጥሜ ሰፋሁ፣ እሱ ፍሬሙ ላይ ሲወጥረው ጫፍ ጫፉን ያዝሁለት፣ ኮላውንና ነጭ ቀለሙን እየደጋገምሁ ቀባሁት። ከቤታችን በር ስለሚበልጥ ስናወጣው አዘንብለን ነው ያወጣነው። ይህን የምናገረው ሥዕሉን ከማንም በላይ በእጄ የማውቀው መሆኔን ለማስረዳት ነው።

የተሣለው ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ አካባቢ በባለቤቴ አባት ይዞታ ላይ የነበረው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው በ2012 ዓ.ም. አበበ። ቀርከሃ አንዴ ካበበ እንደሚሞት የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጫካው በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚደርቀው። ይኸነው በዚያ ዓመት እየተመላለሰ ሲደርቅ ሲያየው ከረመ። ወንድሞቹ ለማገዶ ሲቆርጡ እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ሥራ ፈቷል ብለው ይቀልዱበት ነበር። ከዚያ ተመልሶ ይህን ሥዕል ጀመረ። ሥዕሉ ላይ አንድም ቅጠል የለም። ቀርከሃ መሆኑን ሳይነገረው የሚለየውም ጥቂት ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች የወረዱ ቢጫ፣ ግራጫና አመድማ መስመሮች ናቸው፤ አንዳንዱ ወፍራም፣ አንዳንዱ መሃል ላይ ተቆርጦ የቀረ። በመካከላቸው ብርሃን ይገባል። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ቀርከሃው ከተተከለ ጀምሮ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ መሬት ላይ ፀሐይ ወረደበት፤ ባለቤቴ የሣለው ያንን ነው። ስለ ሥዕል የተማርሁት ነገር የለም። ሲያልቅ ግን ቆሜ ሳየው አማቴ ትዝ ብለውኝ አልቅሻለሁ።

ሥዕሉ ካለቀ ከዓመት በኋላ ይኸነውን ስትሮክ መታው። በዚያ ቀን መኪና ጠፍቶ ስጮህ የደረሱልኝ አቶ ደጉ ናቸው። ኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ባሕር ዳር ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው፣ አብረውትም አድረዋል። እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ ባል የለኝም፤ ይህን አልካድሁም፣ አልክድምም። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ማንኪያ በግራ ይይዛል። ብሩሽም በግራ እጁ ይዞ ሞክሮ ነበር፤ ጥቂት ቀን ታግሎ ተወው፣ ብሩሾቹንም አጥቤ እንዳስቀምጣቸው ነገረኝ። ስለዚህ ሌላ አይሠራም። ካለው ሁሉ የሚወደውን ያን ሥዕል ለውለታቸው ብሎ ለአቶ ደጉ ሰጣቸው፣ እኔም እሺ ብዬ አብሬ ተሸክሜ አደረስሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሆቴላቸው እንግዳ መቀበያ ውስጥ ተሰቅሎ ቆይቷል።

ዛሬ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ሽታዬ የምትባል የሆቴሉ አስተናጋጅ ደውላ፣ የጋሽ ይኸነውን ሥዕል ሰው ቀለም ሲቀባው አረፈደ፣ ቶሎ ድረሽ አለችኝ። ይዤው የነበረውን ስፌት ጥዬ በባጃጅ ሄድሁ። ስደርስ ታፔላ ጸሐፊው መርዋን ዓብዱልሀሚድ ጨርሶ ጣሳዎቹን እየከደነ ነበር። መስመሮቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፎባቸዋል። በየቅጠሉ መሃል ቀይ አበባ አለ። ከላይ ሁለት ወፎች ተቀምጠዋል። ከታች ደግሞ ትልቅ ማሰሮ ተሥሎ ያ ሁሉ ጫካ ማሰሮ ውስጥ ተተክሏል። በቀኝ በኩል ከባለቤቴ ስም ከፍ ብሎ «መርዋን ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለ።

መርዋንን ማን አዘዘህ ስለው፣ አቶ ደጉ «ሠዓሊው ሕመም ይዞት ሳይጨርሰው የቀረ ነው፣ ጨርስለት» ብለው እንዳዘዙት ነገረኝ። ማለቁን ስነግረው ልጁ ደነገጠ። «እትዬ፣ ወላሂ ያላለቀ ነው ብለውኝ ነው። ዛሬውኑ ከሆነ ይለቃል» አለኝ። በእርሱ ላይ ክስ የለኝም፣ ይህም ይመዝገብልኝ።

አቶ ደጉ ከቢሯቸው ሲወጡ እየሳቁ ነበር። የመጣሁት ላመሰግናቸው መስሏቸዋል። ምን አደረግህ ስላቸው፣ እንግዳ በገባ በወጣ ቁጥር ምንድን ነው እያለ እንደሚጠይቃቸው፣ አንዳንዱም አጥር ነው እያለ እንደሚስቅ፣ ባለቤቴ መሳቂያ ሲሆን ማየት እንደሰለቻቸው ነገሩኝ። «ስሜነሽ፣ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው። ለስሙ ብዬ ነው ያሳመርሁለት» አሉኝ። ይህን ሲሉ ከልባቸው እንደነበር አውቃለሁ። የባሰ ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አልንገበገብም ነበር።

ታገሥሁና አስረዳኋቸው። የታፔላ ቀለም የተቀባ ዕለት በነጭ ጋዝ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው የባለቤቴ ቀለም ዓመታት የደረቀ ስለሆነ አይነካም። አድሮ ከጠነከረ ግን ያለ ቲነር አይነሳም፣ ቲነር ደግሞ የሥሩንም ይበላዋል። ስለዚህ መርዋን አሁኑኑ ይጥረገው ብዬ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን በሰው ፊት ጉድ እንዳላደርጋቸው፣ እሑድ ሽማግሌ ባለበት ቁጭ ብለን እንደምንነጋገር ነገሩኝ። ቀለሙ እሑድን አይጠብቅም አልኋቸው። መርዋን ጨርቅ ሲያነሳ አይተው «እንዳትነካው፣ የተሰጠኝ የራሴ ንብረት ነው» ብለው ከለከሉት። እኔም የሰጠንህ ሥዕል ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም ብያቸው ወጣሁ።

ቤት ሄጄ በጠርሙስ ነጭ ጋዝና አሮጌ የነጠላ ቁራጭ ይዤ ተነሳሁ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያይ ነበር። ወዴት ነው ሲለኝ ስፌት ላደርስ ነው ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ያን ማሰሮ ሳያየው ላጠፋው ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሆቴሉ ተመለስሁ። ማንንም አላስፈቀድሁም። መጀመሪያ ያጠፋሁት ስልክ ቁጥሩን ነው። ከዚያ ማሰሮውን፣ ከዚያ የታችኛውን ቅጠል። ጨርቁን እየቀያየርሁ በቀስታ ነው የጠረግሁት፣ የባለቤቴ ግራጫ መስመር አንድም ሳይጎዳ ከሥር ብቅ አለ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። ወገብ ድረስ ያለውን ከጨረስሁ በኋላ የላይኛውን ለመጥረግ ወንበር ላይ ስወጣ ጥበቃው መሳፍንት ከኋላ ወገቤን ይዞ አወረደኝ። ስንታገል መርዋን የተወው የቀይ ቀለም ጣሳ ተገልብጦ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አቶ ደጉ ጨርቁን ከእጄ ሊነጥቁ ሲመጡ እጃቸውን በዚያው ጨርቅ መትቻለሁ። «ደንቆሮ» ብያቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው፤ በአቤቱታቸው ላይ አንድ ጊዜ የተባለው ተሳስቷል። ለምንጣፉ ተጠያቂ ነኝ፣ አሳጥባለሁ። የላይኛው ቅጠልና ወፎቹ ሳይጠረጉ ቀርተዋል።

መርማሪው ሥዕሉ የግል ንብረታቸው መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አውቃለሁ። እንዳይሰቅሉት፣ ለሰው እንዳይሰጡት አላልሁም። ባይወዱት አውርደው ዕቃ ቤት ያስገቡት ነበር፣ ተሸክሜ እወስደው ነበር። አንድ ሰው እጁን ሲያጣ ያለቀ ሥራውን ሌላ ሰው ገብቶ ይጨርስለት የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሳይደርቅና ሳይመሽ ሄጄ ቀሪውን እንድጠርግ ይፈቀድልኝ ብዬ መርማሪውን ጠይቄአለሁ። አቤቱታ የቀረበበት ዕቃ ስለሆነ ሊፈቅዱልኝ እንደማይችሉ ነግረውኛል። ይህን ቃል ስሰጥ ያ ቀለም እየጠነከረ ነው።

ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ አቶ ደጉ ወደ ጣቢያው መጡ። ከእኔ ከተለያዩ በኋላ መኪናቸውን ይዘው ቤቴ ሄደው፣ ባለቤቴን ሆቴሉ ድረስ አምጥተው ሥዕሉን እንዳሳዩት ተናገሩ። ባለቤቴ ወንበር ተሰጥቶት ካየው በኋላ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥህ» እንዳላቸው ነገሩን። «እንግዲህ ሠዓሊው ራሱ ከወደደው እሷ ምን አገባት፣ እኔም ለወዳጅነታችን ስል ይቅርታ ከጠየቀችኝ አቤቱታዬን አነሳለሁ» አሉ። ቀጥለውም የባለቤቴን ትሕትና ለመርማሪው ሊመሰክሩ ፈልገው፣ አንድ ነገር ብቻ እንደለመናቸው ጨመሩ፦ «የሁለት ሰው እጅ አለበትና የእኔ ስም ብቻ መታየቱ ነውር ነው፤ ስሜን አጥፉልኝ» ብሏል። ነገ መርዋን መጥቶ እንዲያጠፋው አዘዋል።

በዚህ ላይ የምትይው አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ባለቤቴ «ጥሩ ነው» ያለው ነፍሱን ላተረፈለት ሰው ነው። ሌላ ምን ይበል? ፊቱ ቆሞ እየሳቀ «ወደድኸው?» ለሚል ባለውለታው አልወደድሁትም የሚል ሰው አይደለም፣ ያሳደጉትም እንደዚያ አይደለም። ይህ ቃል ሥዕሉን ወዶታል ተብሎ ማስረጃ እንዳይሆን እቃወማለሁ። ስሜን አጥፉልኝ ያለው ግን እውነቱን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ስሙን ካስቀመጠበት ሥዕል ላይ አንሱልኝ ሲል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። አቶ ደጉ ትሕትና ነው ይላሉ። ትሕትና አይደለም። ይህ ሥዕል ከእንግዲህ የእኔ አይደለም ማለቱ ነው፣ እሳቸው ሳይከፋቸው በሚሰሙት ቃል ነው ያለው። እጁን ስትሮክ ወሰደው፤ ይህን የወሰዱት ግን እሳቸው ናቸው፣ አሁንም ምን እንደወሰዱ አላወቁም፣ ፊቴ ተቀምጠው ስነግራቸውም አልገባቸውም።

ይቅርታ አልጠይቅም። አቤቱታው ይቀጥል። የባለቤቴ ስም በነጭ ጋዝ የሚለቅ አይደለም፤ ሥዕሉ እርጥብ ሳለ የጻፈው ስለሆነ አብሮት ደርቋል። የሚያጠፋው ሰው በምላጭ እኔ እስከ ሰፋሁት ጨርቅ ድረስ መፋቅ አለበት። አቶ ደጉ ለመርዋን ማዘዛቸውን ትተው በራሳቸው እጅ ይፋቁት፣ ሲፍቁትም እኔ ቆሜ ልይ። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ከአፌ የወጣው ሁሉ ሰፍሯል፣ ያላልሁትም አልተጨመረበትም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ስሜነሽ አለኸኝ
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ክንዴ ተገኘ
ቃሉ ሲነበብ የነበረች ታዛቢ ፊርማ፦ የምሥራች ዋጋዬ