ጦስኝ ከነሥሩ

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ተሳፋሪው ሜዳ ላይ ሲበተን፣ ወይዘሮ ሙሉሐረግ የጦስኝ እስራቸውን ከጣሪያ አስወርደው አጠገቡ ተቀመጡ። ጦስኙ ከነሥሩ ነው፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው የጎረቤታቸው ልጅ አሕመድኑር አይቷቸው ቀረበ።

«እትዬ ሙሉሐረግ፣ እንዴት ከረሙ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እንደ ወሎ ክርስቲያን ወግ፣ ማተባቸውን እያስተካከሉ። «ጎማው ነው እንጂ እኛስ ደህና ነን።»

«አርብ ተራራችን ከለቀማ ይረፍ አይረፍ ተብሎ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ሴቶቹን ይዘው ሊቃወሙ ነው አሉ?»

«አዎን! ጦስኝ ካልለቀምሁ ምን ልበላ ነው? ነገሩን የቆሰቆስኸውስ አንተ አይደለህ፣ በዚያች ሣጥንህ?»

አሕመድኑር ላፕቶፑን ከፈተ። አረንጓዴ ተራራ፣ በላዩም ነጠብጣቦች ታዩ። «እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንዲት ለቃሚ ናት። እኔ ጠባይ እሰጣታለሁ፤ እሷ ሌሎቹን እያየች ትኖርበታለች።»

«እኔ የትኛዋ ነኝ?»

«ቢጫዋ ይሁኑ። ምን ታድርግ?»

«ከባላንጣዬ ከፈንታዬ ቀድማ ትንቀል! ያቺ ከቀደመች ለሰው አታስተርፍም።»

ጻፈው። ቢጫዋ ሮጠች፤ ያዩዋት ሁሉ ተከትለው ሮጡ። ሳያብብ ነቀሉት፣ ዘር አልወደቀም። ጥቂት ዓመት ሳያልፍ ተራራው እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። ቢጫዋ ብቻዋን ስትዞር ቀረች።

ሙሉሐረግ የእስራቸውን ሥር ዳበስ አደረጉ። በልጅነታቸው ያ ተራራ ሐምራዊ ለብሶ፣ ሽታው ከወንዝ ማዶ ይቀበላቸው ነበር። ሴቶቹ አበባው እስኪረግፍ ጠብቀው ጫፍ ጫፉን በማጭድ ነበር የሚወስዱት። ከነሥሩ መንቀል የመጣው በኋላ ነው፤ ሥሩ እስሩን ያወፍረዋላ።

«እሺ፣ እኔ ብቻ ብታገስስ?»

ቢጫዋ ቆመች። የቀሩት ግን ፊቷ ላይ ጨርሰውት ሄዱ።

«አየህ! ሞኝ አደረግኸኝ!»

«ለዚህ ነው የጋራ ደንብ ያስፈለገው። ሁላችሁም አበባውን ጠብቁ፣ በማጭድ እጨዱ፣ ግማሹን ተራራ በየተራ አሳርፉ።»

ደንቡን ሲጽፍ ነጠብጣቦቹ ዘገዩ። የመጀመሪያው ዓመት ጾም መሰለ፤ ከዚያ አረንጓዴው ተመለሰ፣ ቢጫዋም ሞልቶላት ገባች።

«ሣጥንህ ዝናብ ታውቃለች?»

«አታውቅም፤ ድርቅ ቢመጣ ትሳሳታለች። የምታሳየው የኛን ጠባይ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ዝናቡን ለአላህ፣ ጠባዩን ለኛ።»

ሰው ሲመክሩት ይቆጣል፤ ራሱን ሲያሳዩት ግን የሚቆጣበት ሰው ያጣል።

አርብ ዕለት ሙሉሐረግ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። «ተራራው ይረፍ! ሥሩ ከተረፈ ዓመት ዓመት እናጭደዋለን። ንቡም ይመለሳል። ሴት ልጆቻችንም ዓረብ አገር ከመሄድ ሌላ የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል።»

ፈንታዬ ከኋላ ሳቀች። «አንቺ? አንቺ ልትታገሺ? ቅናትሽንስ የት ልታደርጊው?»

«የትም አላደርገው» አሉ ሙሉሐረግ። «እንደ ድሮው እቀናብሻለሁ፤ ግን አበባው እስኪረግፍ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ።»