ሰዓት ከፈቀደ

ክቡር የኅብረታችን ሰብሳቢ አቶ ሕሩይ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጉርድ ሾላ ባለሱቆችና ባለቢሮዎች፣ ይልቁንም እነዚያን ሁሉ ክረምቶች አብረን ዝናብ የደበደበን የሥራ ባልደረቦቼ፦ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ይህን መሰናዶ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አምላክ ውለታችሁን ይክፈልልኝ። ጋቢ ልታለብሱኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ድንገት ልታደርጉት ነበር ሐሳባችሁ፤ ምን ላድርግ፣ እዚህ ቢሮ ምስጢር የሚያድርበት ሰው አልተቀጠረም። ስታለብሱኝ ግን እደነግጣለሁ፣ ቃሌ ነው።

ፕሮግራሙንም ሰርቄ አይቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፕሮግራም ሳወጣ ኖሬ የራሴን ሳላይ እንዴት ያስችለኛል? የመክፈቻ ንግግር፣ የክብር እንግዳው ንግግር፣ የባለሱቆች ተወካይ፣ ስጦታ፣ የተሰናባቿ ንግግር። ከዚያ ከሁሉም በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ሰዓት ከፈቀደ፦ የሀውላ ግጥም» ይላል። ሀውላን የማታውቁ እንግዶች ካላችሁ፣ የተቀመጣችሁበትን ወንበር ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ ወልውላ የደረደረችው እሷ ናት። ያቻት፣ በሩ ጋ ቆማለች።

«ሰዓት ከፈቀደ» የምትለዋን ነገር እዚህ ቢሮ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ላወራችሁ የቆምኩትም ስለ እሷ ነው። የምስጋና ንግግር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እንደምታውቁት የኛ የነጻ ሙዚቃ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሕንጻዎቹ መካከል ባለችው አደባባይ ነው። ተማሪው የሚያርፈው ያኔ ነው። ዝናቡም የሚመጣው ያኔ ነው! ስንጀምር አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ «ሸዋረጋ፣ በክረምት በአደባባይ ሙዚቃ? ምን ነካሽ?» ብለውኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ነበርኩ፣ አልለቀቅኩም።

ትንበያችን እንጦጦ ነበር። ራጉኤል በኩል ደመናው ከጠቆረ ጉርድ ሾላ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት አለን። ስንት ጊዜ የስልኩን ትንበያ አምነን ተበስብሰናል? እንጦጦ ግን ዋሽቶን አያውቅም። ታዲያ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍ ጀማለዲን ከድምፅ ማደባለቂያው ኋላ «ላስቲክ! ላስቲክ!» ብሎ ይጮሃል። ያን ሰማያዊ ላስቲክ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከየትም ብቅ የሚሉት ጋሽ አካሉ ነበሩ። ስፒከሩን እንደ ልጅ ነበር የሚያለብሱት።

ጋሽ አካሉ ጥበቃችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ግን የክፍለ ጦር ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ሰውየው ወደ ጥበቃ ሥራ፣ ትራምፔቱም ወደ ቁም ሣጥን ገቡ። ይህን የሰማሁት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ አንድ ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቢሮዬ ገቡና ቆሙ።

«አለቃዬ» አሉኝ፤ ሲያሾፉብኝ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። «አንዲት ዜማ አለችኝ። አራት ደቂቃ አትሞላም።»

«ለእርስዎማ ማን ይከለክላል፣ ጋሽ አካሉ! የቤት ሰው አይደሉ?» አልኩና ወዲያው ጻፍኳቸው። የት ጻፍኳቸው? መጨረሻ ላይ። «ሰዓት ከፈቀደ» ብዬ።

በክፋት አልነበረም። እኔ ያደግኩት እንግዳ ይቅደም፣ የቤት ሰው የተረፈውን ይበላል በሚባልበት ቤት ነው። እናንተስ? ከሩቅ የመጣ ባንድ እያለ፣ ሰዉ የሚጮህላቸው ልጆች እያሉ፣ የራሴን ዘበኛ ላስቀድም? ነውር መሰለኝ። የቤት ሰው የት ይሄዳል ብዬ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘነበ። በሁለተኛው የወጣቶቹ ባንድ አልወርድም ብሎ ጨለመብን። ሌላ ቅዳሜ የክብር እንግዳው ዘግይተው መጡና ንግግራቸው ሁሉን በላው። እንዲህ እንዲህ እያለ በሦስት ክረምት ሰባት ጊዜ ስማቸውን ጻፍኩ። ሰባቱንም የወረቀቱ ግርጌ ላይ። እሳቸው በየጊዜው ካፖርታቸውን አስተኩሰው ይመጣሉ፤ በየጊዜውም «ምንም አይደል፣ የሚመጣው ቅዳሜ» እላቸዋለሁ። እኔ ነኝ «ምንም አይደል» የምለው! እሳቸው መሆን ሲገባቸው።

ሰባተኛው ቀን ደረጃውን ወጥተው ነበር። ጀማለዲን፣ ታስታውሳለህ። ትራምፔቱን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ጠብታው ጀመረ። ማንም አልጠራቸውም። ራሳቸው ትራምፔቱን ጨርቁ ውስጥ መልሰው፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ላስቲኩን ሊያመጡ ሮጡ። ጀማለዲን ኋላ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እትዬ፣ እኔ እኮ ማይኩን እንኳ ገና አልከፈትኩላቸውም ነበር።»

ባለፈው ኅዳር ታመው ተኙ። ልጠይቃቸው ሄድኩና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ይነሱልኝ እንጂ ጋሽ አካሉ፣ የሐምሌን የመጀመሪያ ቅዳሜ የሚከፍቱልኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ከልቤ ነበር፣ ፈጣሪ ያውቃል። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

«ሰዓት ከፈቀደ» አሉኝ።

መቀለዳቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

በግንቦት ደግሞ ሊሊሳ የመኪና ማቆሚያውን ግድግዳ ሥዕል ጨረሰልን። ድካማችንን ሁሉ ያየ ሠዓሊ ነው፤ ማንንም አልረሳም። ጀማለዲን ማዳመጫውን አንጠልጥሎ አለ፣ ሀውላ ከነወንበሯ አለች፣ እኔም ወረቀቴን ይዤ አለሁ። አፍንጫዬን ትንሽ አግንኖታል፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ጋሽ አካሉን ደግሞ ያን ሰማያዊ ላስቲክ ትከሻቸው ላይ አድርጎ ሳላቸው። ቁርጥ እሳቸውን።

ለምረቃው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉጌጥን ጠራናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ግድግዳው ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ «ጥሩምባውስ?» አሉ።



«ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ፣ ዛሬስ እንዴት ነበር? እለዋለሁ። ጥሩ ነበር፣ አጨበጨቡልኝ ይለኛል» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አልነበርሽ የምትመሪው? አጨብጭበውለት ነበር፣ አይደል?»

ጀማለዲን መሬት መሬት አየ። ሊሊሳ ብሩሹን መጥረግ ጀመረ። እዚህ የተቀመጣችሁ ብዙዎቻችሁ እዚያ ነበራችሁ፤ የእናንተን ዝምታ ለእናንተ ልተወው። እኔ ግን አፌ ፈጠነ። «በጣም እንጂ!» አልኩ። አልበቃኝም፣ «እንዲያውም ይደገም ብለዋቸው ነበር» ብዬ ጨመርኩበት። ይደገም! ያልተጀመረ ነገር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌን አላገኘሁትም። ጡረታዬ ሲቃረብ ሁሉም «አሁን ታርፊያለሽ» ይለኛል። በምን ልረፍ?

ባለፈው እሑድ ኮተቤ ቤታቸው ሄድኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰባቱንም ቅዳሜ፣ ወረቀቱን፣ ላስቲኩን። ስጨርስ ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ፤ ፈቅደውልኛል።

«እኔ እኮ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ካገባሁ አርባ ዓመቴ ነው። እሑድ እሑድ ጎረቤት እንዳይረብሽ እላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ለእናንተ መድረክ ሲለማመድ ይውላል። ሲመለስ የማጸዳለት እኔ ነኝ። ሲነፋ የዋለ ጥሩምባ ሲዘቀዝቁት ውኃ ይወጣዋል። ቅዳሜ ማታ ግን እሱ ተበስብሶ ይገባል፣ ጥሩምባው ደረቅ ነው።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ጠየቁኝ?»

«እሱ የሚዋሸኝ እንዳላዝን ብሎ ነው። አንቺ ለማን ብለሽ እንደምትዋሺ ልይ ብዬ ነዋ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ሻይ ቀዱልኝ፣ ጠጣሁ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝና «ላስቲኩን እንዳታጠፉት፣ እሱም የእጁ ሥራ ነው። ጥሩምባውን ብቻ እግሩ ሥር አስቀምጡለት» አሉኝ። ሊሊሳ ከትናንት ጀምሮ ያን እየሠራ ነው። እጃቸው ላይ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ግን እንዴት አድርገው ይዘው ይነፉ እንደነበር ከእኛ መካከል የሚነግረው ሰው ጠፋ።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ዛሬ ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ። በሰው ፊት ዋሽቼዎታለሁ፣ በሰው ፊት ልመልስ። ባለቤትዎ በእኛ መድረክ አንድም ቀን አልነፉም። የከለከላቸው ዝናቡ አይደለም። ዝናቡ እንደሚመጣ በግማሽ ሰዓት ቀድሜ የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ አራት ደቂቃ ብቻ ነበር የለመኑኝ። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ባይሆንልዎትም፣ በፈለጉበት ቀን።

አቶ ሕሩይ፣ ቦታዬን ለሚተካው ሰው አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ሐምሌ ይገባል፣ ሙዚቃው ይጀመራል። እንግዳውን አክብሩት፣ ከፊት ወንበር ስጡት፤ ግን ያቺን ቃል ከወረቀታችን ላይ ፋቁልኝ። የቤት ሰው የትም አይሄድም አትበሉ። ይሄዳል። እኔም ይኸው እየሄድኩ ነው።

ንግግሬ ገና ሁለት ገጽ ይቀረው ነበር። ስለ ኅብረቱ አመሠራረት ነው፣ ታውቁታላችሁ፤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የኔን ደቂቃ ሌላ ሰው ይውሰደው።

ልመርቃችሁና ልቀመጥ። የተመኛችሁትን ሳትሠሩ ዝናብ አይቅደማችሁ። ስማችሁ ከወረቀት ግርጌ አይዋል። ቤታችሁ ስትገቡ «እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ?» ለሚላችሁ ሰው እውነቱን ለመናገር የማታፍሩበት ቀን ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ሲጨበጨብላችሁ ይዩ። ለሁላችሁም፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ለአለቃውም ለዘበኛውም፣ ሰዓት ይፍቀድላችሁ። አሜን በሉ እንጂ!

በመስኮቱ አየሁት፤ ራጉኤል በኩል ጠቁሯል። ግማሽ ሰዓት አለን።

ጀማለዲን፣ ማይኩን ክፈትላት። ሀውላ፣ ነይ ወደዚህ ውጪ።