ጥርስ የሌላቸው ቁልፎች

አጎቴ መንቀጥቀጥ አቆሙ፤ እኛም ዳኑ ብለን ደስ አለን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

አጎቴ ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ድሮ ስኳራቸው ሲወርድ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በላብ ይጠመቃሉ፣ «ስኳር አምጡ!» እያሉ ቤቱን ያተራምሱት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጸጥ አሉ። «ሰውነቴ ለመደው» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ እንደ ጀብዱ ያወሩት ነበር። እኔ የሰውነት ዕጢዎችን ሥራ አራት ዓመት የተማርኩ ሴት፣ ጸጥታው ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቢሮዬን ቁልፍ ላስቀርጽ ወደ ሱቃቸው ጎራ አልኩ። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ከኋላው ወደ መኖሪያው የሚያስገባ ወፍራም የእንጨት በር አለ፤ መኖሪያው ሌላ መውጫ የለውም። አጎቴ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ይሞርዳሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

ቀና አላሉም። ቁልፌን ከእጄ ወሰዱና የብረት መቆንጠጫው፣ ሞርሳው ላይ አሰሩት። ከፊታቸው አሥራ አንድ ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱም ጥርስ የለውም፤ ሁሉም እንደ ማንኪያ እጀታ ልሙጥ ናቸው።

ያኔ የኋላው በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፤ ቀስ ብሎ።

«ማነው ጋሼ?»

«ማንም የለም» አሉ፣ መሞረዱን ሳያቆሙ። ድምፁ የሳቸው ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ይመስል ነበር።

እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ከዚያ የሚስታቸው የእትዬ የደከመ ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ክፈትልኝ!»

እጀታውን ብስበው ተቆልፏል። «የዚህ በር ቁልፍ የት ነው?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው በሞረዱ ጫፍ ልሙጦቹን ቁልፎች አሳዩኝ።

ያኔ ስኳራቸውን ጠረጠርኩ። የስኳር መለኪያቸውን ከመሳቢያው አወጣሁ። አውራ ጣታቸው በሞረድ ተልጦ ይደማል፤ እሳቸው አልተሰማቸውም። በሌላው ጣት ለካሁ፦ ሠላሳ ስምንት። ከሰባ በታች ከወረደ አደጋ ነው። ከጎረቤት ሻይ ቤት ስኳር ለምኜ በውሃ በጠበጥኩና ስድባቸውን ችዬ አጠጣኋቸው። ሩብ ሰዓት አለፈ። የጠፋ መብራት እንደሚመጣ፣ ዓይናቸው ውስጥ ሰው ተመልሶ መጣ።

«አንቺ መቼ መጣሽ?» አሉኝ። ቀጥለው ጠረጴዛውን አዩ። «የሰው ቁልፍ እንዲህ ያበላሸው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ቀልድሽን ተይ።»

«አልቀለድኩም። ስኳርዎ ሠላሳ ስምንት ገብቶ ነበር።»

«ሲወርድብኝ እኔ አላውቅም? አልተንቀጠቀጥኩም፣ አላላበኝም። መሣሪያው ነው የተሳሳተው። እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ሰውን በሽተኛ ካላደረጋችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም።»

ከበሩ ጀርባ እትዬ ጮኹ፦ «አንድ ሰዓት ሙሉ ሳንኳኳ ‹ሴትዮ፣ ሱቁ ዝግ ነው› ያለኝ መሣሪያው ነው?»

«እኔ?»

«አንተ! ባለፈው ሳምንትስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ በሟች እህትህ ስም ጠርተህ ‹መቼ ተመለስሽ?› አላልከኝም? ሰው እንዳይሰማ አፍሬ ዝም አልኩ።»

አጎቴ አንድ ሽቦ አንስተው በሩን ሊከፍቱ ተንበረከኩ። እኔም ዕድሉን አላሳለፍኩትም፤ ጀርባውን ለሰጠ ሰው መናገር ይቀላል።

«ጋሼ፣ የጤነኛ ሰው ስኳር መውረድ ሲጀምር ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይቀንሳል። ግሉካጎን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይልክና ጉበትን ‹ያስቀመጥከውን ስኳር አውጣ› ይለዋል። እርስዎ ግን ኢንሱሊኑን ከውጭ ወግተውታል፤ አንዴ ከገባ ‹በቃ› የሚለው የለም። ግሉካጎን የሚልከው ክፍልም ከዓመታት በኋላ የስኳሩን መውረድ ማስተዋል ትቷል።»

«እሺ፣ መንቀጥቀጡስ?»

«እሱ አድሬናሊን ነበር፤ የቀረልዎ የመጨረሻው ዘበኛ። ስኳርዎ በወረደ ቁጥር ይጮኽ ነበር። መውረዱ ሲደጋገም ግን አእምሮ ይለምደዋል፤ ዘበኛው መጀመሪያ ዘግይቶ ይጮኻል፣ ኋላም ጭራሽ አይጮኽም። ጸጥታው ጤና አይደለም።»

«ተረት ነው» አሉ። «ሱቄ ሰው ገብቷል። ሊያጠፋኝ የፈለገ ሰው ነው የሞረዳቸው።»

ሽቦው ጠቅ አለና በሩ ተከፈተ። የእትዬ እጅ በማንኳኳት ብዛት ቀልቷል። አንዱን ልሙጥ ቁልፍ አንስተው በባላቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

አጎቴ ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡት። የሞረዱ ጭረቶች በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ናቸው፤ የግራኝ ሰው ጭረት። በሰፈሩ ግራኝ ቁልፍ ሠሪ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን።

«የኔ እጅ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «እንዲያውም ከወትሮው የጠራ ሥራ ነው። ታዲያ ይሄ ሲሠራ እኔ የት ነበርኩ?»

 የማውቀውን ነገርኳቸው፦ «ዘበኛው ሊመለስ ይችላል። ለተወሰኑ ሳምንታት ስኳርዎ እንዳይወርድ አጥብቆ መጠበቅ ነው። የመድኃኒቱን መጠን ሐኪምዎ ይወስናል እንጂ እርስዎም እኔም አይደለንም።»

«እኔ እዚያ ውስጥ ተቆልፌ እሳት ቢነሳስ ኖሮ?» አሉ እትዬ።

አጎቴ ሚስታቸውን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት አድርሺኝ» አሉኝ።

ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሱላቸው። አጎቴም ሞረድ ከማንሳታቸው በፊት፣ ደህና ቢሆኑም፣ በተለይ ደህና የሆኑ ሲመስላቸው፣ መለካት ጀመሩ። የምስማር ጣሳቸው ስኳር ተሞላ። እትዬ ማፈሩን ትተው ምልክቱን ለሻይ ቤቷ ባለቤት አስረዱ፤ የኋላውን በር የራሳቸውን ቁልፍም አንገታቸው ላይ አሰሩ። አጎቴ ቁልፋቸው የተበላሸባቸውን ደንበኞች ቤት ለቤት ዞረው አዲስ ሠሩላቸው። አንድ ጠብታ ደምና ጥቂት ደቂቃ ምን ይከብዳል? አንድ ሰው ራሱን አገኘበት፤ ሚስቱም ባሏን።

በስድስተኛው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሞረዱ ከአጎቴ እጅ ወደቀ። ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«መጣ!» አሉ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። «አንቺ፣ ዘበኛው መጣ!»

ለኩ፤ ስድሳ አራት። ስኳራቸውን በጥብጠው ጠጡ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቁ፣ እንደገና ለኩ፤ ዘጠና ስምንት። ለደንበኛ የሚያደርሱትን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ተነሱ። ልሙጡ የኋላው በር ቁልፍ ከጠረጴዛው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እንደሚያውቁት ሰው ትንሽ ቆመው አዩት።

«አንተ እዚያው ቆይ» አሉት።

ወጥተው የሱቁን በር ዘጉት። እትዬ ከኋላ ቤት፣ እኔ ሱቁ ውስጥ ነን፤ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ቁልፉ ከውጭ አልዞረም።